ፖሊስ ሆኖ ፍርድ ቤት መጠበቅ፦ በካራና በጣፎ መንገድ ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ

የምኖረው በአዲስ አበባ ዳር፣ ከካራ ወጣ ብሎ፣ ወደ ጣፎ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። በፖሊስነት ካገለገልኩባቸው ዓመታት ብዙዎቹን ያሳለፍኩት ፍርድ ቤት ውስጥ ነው። በር ላይ ፈትሻለሁ፣ ተከሳሽ አጅቤያለሁ፣ ችሎት ውስጥ ቆሜያለሁ። ሰፈሩ ይህን ስለሚያውቅ 12ኛ ክፍል የጨረሱ ልጆች የታክሲ ሰልፍ ላይ ሳይቀር ይይዙኛል። «ጋሼ፣ አንዴ ላስቸግርዎት?» ብለው ይጀምራሉ። የሚጠይቁኝ ነገር ተመሳሳይ ነው። እዚህ ሰብስቤ የማውቀውን በግልጽ መልሻለሁ።

«የፍርድ ቤት ጥበቃ» ተብሎ በቀጥታ ይቀጠራል?

ከውጭ ሲያዩት አንድ ሥራ ይመስላል። ግን አንድ ቀን ጠዋት ልደታ ያለው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በር ላይ ቆማችሁ ብታዩ፣ ዩኒፎርም የለበሰው ሁሉ አንድ መሥሪያ ቤት እንዳልሆነ ትረዳላችሁ።

መሣሪያ ይዘው የሚጠብቁት የፌዴራል ፖሊስ አባላት ናቸው። ከማረሚያ ቤት በመኪና ተከሳሽ ይዘው የሚመጡት ደግሞ የማረሚያ ቤት ፖሊሶች ናቸው። አለቃቸው ሌላ፣ ተቋማቸውም ሌላ ነው። ገና ምርመራ ላይ ያለ ተጠርጣሪን ለጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ለምርመራ ተጨማሪ ጊዜ ለመጠየቅ፣ የሚያቀርበው የፖሊስ ጣቢያው መርማሪ ነው። ከእነዚህ ውጭ ፍርድ ቤቱ ራሱ የሚቀጥራቸው የጥበቃ ሠራተኞችና ፈታሾች አሉ። እነሱ እንደማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ በክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ተወዳድረው ይገባሉ።

ስለዚህ መልሱ እንደ ፍላጎታችሁ ነው። በር ጠብቃችሁ ማታ ቤታችሁ መግባት ከፈለጋችሁ የፍርድ ቤቱን የሥራ ማስታወቂያ ተከታተሉ። ፖሊስ ሆናችሁ ፍርድ ቤት መሥራት ከፈለጋችሁ ግን መጀመሪያ ፖሊስ ትሆናላችሁ፣ ከዚያ ትመደባላችሁ። ምደባውን የምትመርጡት እናንተ አይደላችሁም። ባንክ ጥበቃ ልትሄዱ ትችላላችሁ። ሌሊት ዙር ልትወጡ ትችላላችሁ። እኔ ፍርድ ቤት የደረስኩት ከሌላ ቦታ ተዛውሬ ነው። ይህን ልባችሁ ካልተቀበለው ከወዲሁ ቢታሰብበት ይሻላል።

የምኖረው ጣፎ ነው። የት ነው የምመዘገበው?

ይህ የዳር ከተማ ሰው ጥያቄ ነው። አራዳ መሀል የሚኖር ሰው አይጠይቀውም። እኛ ጋ ግን ታክሲው ትንሽ እንደሄደ አስተዳደሩ ይቀየራል። ከመንገዱ ወዲህ ያለው በ2013 ዓ.ም. የተመሠረተው የለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ነው። ወዲያ ያለው ኦሮሚያ ነው። ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታን የመሳሰሉት ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሸገር ከተማ በሚል አንድ ላይ ሆነዋል።

ይህ ለእናንተ ምን ማለት ነው? ለአዲስ አበባ ፖሊስ የሚመለመለው በከተማዋ አስተዳደር ሥር ነው። ለኦሮሚያ ፖሊስ በክልሉ ነው። የፌዴራል ፖሊስ ደግሞ ከመላ አገሪቱ ይወስዳል። ስለዚህ መጀመሪያ የመታወቂያችሁን አድራሻ እዩ። ብዙ ልጅ ኮንዶሚኒየም ገብቶ መታወቂያው ግን የድሮ ሰፈሩ ነው። ምዝገባው በተከፈተ ቀን ወረዳ ለወረዳ የሚሯሯጠው ይኸው ልጅ ነው። አሁኑኑ አስተካክሉ።

ፍርድ ቤቶቹም እንዲሁ ናቸው። በአዲስ አበባ ውስጥ የፌዴራል ፍርድ ቤቶችም የከተማው ፍርድ ቤቶችም አሉ። የከተማው ፍርድ ቤት እንደ ቀበሌ ቤትና የወራሽነት ማረጋገጫ ያሉ ጉዳዮችን ያያል። ከባድ ወንጀል ወደ ፌዴራል ይሄዳል። ድንበሩን ተሻግራችሁ ሸገር ስትገቡ የኦሮሚያ ፍርድ ቤት ነው፣ ችሎቱም በአፋን ኦሮሞ ይካሄዳል።

ቋንቋን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ሁለቱንም ቋንቋ የምትችሉ ከሆነ ትልቅ ሀብት ይዛችኋል። ካልቻላችሁ ተማሩ። ተከሳሽ ችሎት ውስጥ በሕገ መንግሥቱ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው። በር ላይ ለቆመች እናት ግን አስተርጓሚ የለም። ልጇ የትኛው ክፍል እንደሚቀርብ በቋንቋዋ የሚነግራት ፖሊስ ስታገኝ ፊቷ ሲበራ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ምን ምን ይጠየቃል?

ዝርዝሩ በየማስታወቂያው ይለያያል። የማይቀሩት እነዚህ ናቸው፦ ኢትዮጵያዊ መሆን፣ ዕድሜ 18 መሙላት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ጤንነት፣ ከወንጀል ነጻ መሆን፣ መልካም ሥነ ምግባር፣ የፖለቲካ ድርጅት አባል አለመሆን። ቁመትና ክብደትም ይለካል። ቅጹ ላይ ሐሰት አትጻፉ። በሐሰት የገባ ሰው የኋላ ኋላ ሲጋለጥ አይቻለሁ፣ ያሳዝናል።

«አስገባሃለሁ፣ ገንዘብ አዘጋጅ» ያለኝ ሰው አለ። ልክፈል?

አትክፈል። ሌባ ነው። ደግሞ አስበው፤ ጉቦ ሰጥተህ የገባህበትን ዩኒፎርም ለብሰህ ነገ ጉቦ ሰጪን ልትይዝ ነው?

ስልጠናው የት ነው? ይከብዳል?

በእኛ መንገድ ላይ ስሙ የገነነው ሰንዳፋ ነው። የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ያለው እዚያ ነው። ከመሀል አዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በዚያው መንገድ ወደ ደብረ ብርሃን አቅጣጫ ከቀጠላችሁ አለልቱ ላይ የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ኮሚሽን ማሰልጠኛ አለ። ምልምሎች የሚላኩበት ቦታ እንደየተቋሙና እንደየዙሩ ይለያያል።

አዎ፣ ይከብዳል። ጎህ ሳይቀድ ሩጫ አለ፣ ሰልፍ አለ፣ መሣሪያ አያያዝ አለ። ብርዱም የዋዛ አይደለም። ግን ጉልበት ያለው ልጅ ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ይለምደዋል። ብዙዎችን የሚጥላቸው መሮጡ ሳይሆን መታዘዙ ነው። ቤት ውስጥ የእናቱን ቃል የማይሰማ ልጅ እዚያ በእድሜ የሚያንሰው አሰልጣኝ ሲያዘው ደሙ ይፈላል። ሰውነታችሁን ለማዘጋጀት ጠዋት ጠዋት የየካን ዳገት ውጡ። ለመታዘዙ ደግሞ ከቤት ጀምሩ።

የክፍል ትምህርቱን አትናቁት። ሕገ መንግሥት፣ የወንጀል ሕግ፣ ሥነ ሥርዓት፣ ሰብዓዊ መብት ሲሰጥ የሚያንቀላፋ ምልምል አይጠፋም። ፍርድ ቤት ስትመደቡ በየቀኑ የምትጠቀሙበት ይኸው ነው።

ፍርድ ቤት የተመደበ ፖሊስ ቀኑን ምን ሲሠራ ይውላል?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

ጠዋት በሩ ሳይከፈት ሰው ተሰልፏል። ፍተሻ ይጀመራል። ወንድን ወንድ፣ ሴትን ሴት ትፈትሻለች። ሴንጢ ይገኛል፣ ምላጭ ይገኛል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ዱላ ነው። ከከተማው ዳር፣ ከገጠሩ የሚመጡ ሽማግሌዎች ያለ ዱላቸው አይንቀሳቀሱም። አንድ አባት «ይህን ከአባቴ ነው የወረስኩት፣ ለማንም አልሰጥም» ብለው በሩ ላይ ቆሙ። ከኋላ ሰልፉ ይጮሃል። ከጓደኞቼ አንዱ ሊቀማቸው እጁን ሰነዘረ። ያዝኩትና ጎንበስ ብዬ «አባቴ፣ እኔ ራሴ እጠብቅልዎታለሁ፣ ሲወጡ ከእጄ ይቀበላሉ» አልኳቸው። ሰጡኝ፣ በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ስምንት ሰዓት ላይ ሲወጡ መረቁኝ። ያን ቀን ብንቀማቸው ኖሮ ልጆቻቸው አብረው ነበሩ፣ ነገሩ ወዴት ይሄድ እንደነበር እግዜር ያውቃል።

ከዚያ መኪናው ይመጣል። ከማረሚያ ቤት የመጡት በካቴና ሁለት ሁለት ሆነው ይወርዳሉ። ቤተሰብ ይሮጣል። ሚስት ትጣራለች፣ ልጅ «አባዬ!» ብሎ ይጮሃል። ይህች ከመኪናው እስከ ማቆያ ክፍሉ ያለች አጭር መንገድ የቀኑ ከባዷ ሰዓት ናት። መንገዱን ክፍት ማድረግ አለባችሁ፣ ማንም ምንም እንዳያቀብል ማየት አለባችሁ። ሕፃኑን ገፍትራችሁ ግን አይደለም። እኔ ቀድሜ ወደ ቤተሰቡ እሄድና «እዚህ ጋ ቁሙ፣ ከዚህ ይታያችኋል» እላቸው ነበር። ሰው የሚታየው ቦታ ካገኘ አይጋፋም።

ችሎት ውስጥ ዳኞች ሲገቡ ሁሉም ይነሳል። ስልክ ይዘጋል። እኔ በነበርኩባቸው ችሎቶች ተከሳሹ ሲገባ ካቴናው ይፈታ ነበር። እናንተ ከጎን ቆማችሁ እጅና ፊት ታያላችሁ። ንግግሩን የሚሰሙት ሌሎች ናቸው፣ የእናንተ ሥራ ሰውነትን ማንበብ ነው። ትንፋሹ የፈጠነ፣ ወንበሩን የጨበጠ፣ ከሟች ወገን ሆኖ ዓይኑን ከተከሳሹ የማይነቅል፤ እሱ ጋ ጠጋ ብላችሁ ትቆማላችሁ። ብዙ ጊዜ መጠጋቱ ብቻ ይበቃል።

በእኛ ዳር ብዙው ክርክር የመሬትና የውርስ ነው። ትናንት ጤፍ ይዘራበት የነበረ መሬት ዛሬ ዋጋው ሰማይ ነክቷል። ወንድምና እህት በአንድ ታክሲ መጥተው ችሎት ውስጥ በሁለት ወገን ሲቀመጡ አይቻለሁ። እንዲህ ያለውን ጉዳይ «ፍትሐ ብሔር ነው፣ ጠብ የለበትም» ብላችሁ አትዘናጉ። በደም ተከሳሽ ዙሪያ ፖሊስ ሞልቷል። በመሬት ክርክር ላይ ግን ሁሉም ተዘናግቶ ቆይቶ ግቢው በር ላይ ድንጋይ የሚነሳበት ጊዜ አለ።

ችሎት ውስጥ ሰው ቢጮህ ወይም ዳኛ ቢሰድብ አስሬ አወጣዋለሁ?

ዳኛው ሲያዝ ብቻ። ችሎቱ የዳኛው ነው። ችሎት መድፈር በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 449 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ቅጣቱን የሚወስነውም ዳኛው ነው። እናንተ ጠጋ ትላላችሁ፣ ትእዛዙን ትጠብቃላችሁ። ሰው ወደ ዳኞች ወይም ወደ ተከሳሽ ከተወረወረ ግን ትእዛዝ የሚጠበቅበት ሰዓት አይደለም፤ መሀል ትገባላችሁ።

ሕግ ምን ያህል ማወቅ አለብኝ?

እንደ ጠበቃ አይጠበቅባችሁም። ጥቂቷን ግን እንደ አባታችን ሆይ በቃል ያዟት።

የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርም። ይህ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ነው። አንቀጽ 20 ተከሳሽ እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ሆኖ የመቆጠር መብት እንዳለው ይናገራል። አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከዘመዱ፣ ከጓደኛው፣ ከሃይማኖት አባቱ፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር እንዲገናኝ ይፈቅዳል። እኔ የሠራሁበት የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ለምርመራ የሚሰጠው ጊዜ በአንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም ይላል። ከወንጀል ሕጉ አንቀጽ 423ንና 424ን ጨምሩባቸው። የመጀመሪያው ያለ ሕግ ሰው ስለሚያስር ባለሥልጣን ነው። ሁለተኛው በምርመራ ላይ ስለሚያሰቃይ ነው። ሁለቱም ስለ እኛ የተጻፉ ናቸው።

አያቶቻችን ከሳሽና ተከሳሽን በነጠላቸው ጫፍ ቁራኛ አስረው ወደ ዳኛ ይልኩ ነበር። ፖሊስ አልነበረም። «በሕግ አምላክ!» ከተባለ የሚሮጥ ሰው ይቆም ነበር። ይህን ለምን አነሳሁት? ሕዝቡ ሕግን የሚያከብር ልብ ስላለው ነው። «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው ሰው በቅሎውን ቢያጣ ይችላል። ፖሊስ ካዋረደው ግን አይችልም። ተፈርዶባቸው ሲወጡ የጨበጡኝ ሰዎች አሉ። ተፈተው ሲወጡ ደግሞ በፖሊስ አነጋገር የቆሰሉ አሉ።

ሴት ነኝ። ይሆንልኛል?

እንዴታ! በጣም ታስፈልጊያለሽ። ሴትን የምትፈትሽ ሴት ናት። ፈታሽዋ ካልመጣች የሴቶቹ ሰልፍ በሙሉ ይቆማል። በደል የደረሰባት ልጅ ለመመስከር ስትመጣ አጠገቧ የምትቆም ሴት ፖሊስ ካለች ድምፅዋ ይወጣል። እውነቱን ለመናገር ግን ሁሉም ቦታ ምቹ አይደለም። የልብስ መቀየሪያ የሌለበት፣ ነፍሰ ጡር ሆነሽ ቀኑን ሙሉ የምትቆሚበት ቦታ ያጋጥምሻል። እኔ የሠራሁበት አንድ ቦታ ለሴት ባልደረቦቻችን የተለየ መጸዳጃ እንኳ አልነበረውም። ደጋግመን ጠይቀን ነው የተከፈተው። አንቺም ዝም አትበይ።

ደመወዙ ያኖራል?

ብቻውን ይከብዳል። በተለይ ቤት ኪራይ ለሚከፍል። ዩኒፎርም፣ ሕክምናና ጡረታ አለ፣ ማዕረግ ሲጨምር ደመወዙም ይጨምራል። በቶሎ ሀብታም ለመሆን የሚያስብ ልጅ ግን ሌላ ሥራ ይፈልግ። ይህን የምለው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። ከኪሱ ጋር የተጣላ ፖሊስ ፈተናው ስለሚበዛ ነው።

ፈተና ሲሉ ጉቦ ነው?

አዎ። ፍርድ ቤት ውስጥ ጉቦ ትልቅ ብር ሆኖ አይመጣም። «ለሻይ» ሆኖ ነው የሚመጣው። አንዲት እናት መቶ ብር በመዳፏ ጠቅልላ «ልጄን አንድ ደቂቃ ላናግረው» ትላለች። ልብ ይነካል። ብሩን ብትቀበሏት እሷም ደስ ይላታል፣ እናንተም «ረዳኋት» ትላላችሁ።

ግን ምን አደረጋችሁ? ዘመድ ማግኘት በአንቀጽ 21 የልጇ መብት ነው። የልጇን መብት ሸጣችሁላት ማለት ነው። ብር የሌላት ጎረቤቷ ደግሞ ልጇን ሳታይ ትመለሳለች። መገናኘት የሚቻልበት ጊዜ ከሆነ በነጻ አገናኙ። የማይቻል ከሆነ በሚሊዮንም አይቻልም። «ብሩን ያዢው እማዬ፣ ቀኑ ሲሆን እኔ ራሴ እጠራሻለሁ» በሏትና ጥሩዋት። በእኔ እምነት የዚህ ሥራ ክብር ያለው እዚህ ላይ ነው። በካቴና ያለው ሰውም፣ ውጭ የሚጠብቀው ዘመዱም፣ ከሳሹም ለእናንተ አደራ ናቸው። አደራ አይሸጥም።

እናቴ ፈርታለች። አደገኛ ነው?

አደጋ የለውም ብዬ እናትህን አላታልላትም። በተለይ የፍርድ ቀን። አንድ ጊዜ የቅጣት ውሳኔ ከተነበበ በኋላ የሁለት ወገን ቤተሰብ በአንድ በር ወጣ። ያን ቀን እኛ ነን ያጠፋነው፣ አንደኛውን ወገን ቀድመን ማስወጣት ነበረብን። በር ላይ ተያያዙ። አንድ ባልደረባችን ግንባሩ ተፈነከተ። ከዚያ ወዲህ እኔ ባለሁበት ሁለት ወገን በአንድ ጊዜ ወጥቶ አያውቅም። አንዱ ወገን ይወጣል፣ ታክሲ ውስጥ ሲገባ አያለሁ፣ ከዚያ ሌላው።

ለእናትህ ይህን ንገራት፦ አደጋውን የሚቀንሰው ቀድሞ ማሰብ ነው። መሣሪያዬን ተኩሼበት አላውቅም፣ አፌን ግን በየቀኑ ተጠቅሜበታለሁ። ሌላ የማይነገር ነገር አለ። የምትሰማው ታሪክ ማታ አልጋህ ድረስ ይከተልሃል። የሕፃናት ጉዳይ የሚታይበት ችሎት የዋልኩ ቀን እህል አይበላኝም ነበር። የምታወራው ሰው ይኑርህ፤ የነፍስ አባትህም ይሁኑ፣ ባልደረባህም ይሁን። መጠጥ አይሁን።

እድገት አለው ወይስ በር ላይ ነው የምቀረው?

ከኮንስታብል ተነስቶ ረዳት ሳጅን፣ ምክትል ሳጅን፣ ሳጅን፣ ዋና ሳጅን እያለ ወደ ኢንስፔክተርና ኮማንደር የሚወጣ መሰላል አለ። በአገልግሎት ዘመን፣ በሥራ አፈጻጸምና በትምህርት ይወጣል። ፍርድ ቤት የተመደበ ፖሊስ ደግሞ ሌላው የሌለው ዕድል አለው፤ ቀኑን ሙሉ ዐቃቤ ሕግና ጠበቃ ሲከራከሩ ይሰማል። ጆሮ ላለው ነጻ ትምህርት ቤት ነው። በማታው ክፍለ ጊዜ ሕግ ተምረው መርማሪ የሆኑ፣ ከዚያም አልፈው የሄዱ ባልደረቦች ነበሩኝ።

ምዝገባው እስኪከፈት ምን ልሥራ?

የትምህርት ማስረጃህንና መታወቂያህን አስተካክል። የወረዳህን ማስታወቂያ ሰሌዳ በየሳምንቱ ተመልከት። ሩጥ።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ተነስተህ ለሰፈርህ የሚቀርበው ምድብ ችሎት ሂድ። የካም ይሁን ቦሌ። በዝግ እንዲታይ ካልታዘዘ በቀር ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ለምን መጣህ የሚልህ የለም። ሲፈትሹህ እጅህን ዘርጋ፣ ስልክህን ዝጋ፣ ከኋላ ወንበር ቁጭ በል። ዳኞቹን ተዋቸው። ግድግዳው ሥር የቆመውን ፖሊስ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ እየው። ስትወጣ እግርህን ሳይሆን ልብህን ደክሞት ከሆነ፣ ደግሞም ነገ ተመለስ ተመለስ ካለህ፣ ና፤ ቤቴን ታውቀዋለህ፣ ቅጹን አብረን እንሞላለን።